የዊንዲያ ትከሻ

ነገሩን ያመጣው ራሱ ዊንዲያ ነው፤ ይቺን ልብ በሉልኝ። የአክስቱ ልጅ ሱዳርሳ ቤት መጥቶ፣ «ጀልባ የምናቆምበትን ዳርቻ ለሆቴል ሊሰጡት ነው። አንተ አፍ አለህ፣ ተነስተህ ተቃወም። እኔ ካንተ ቀጥዬ እነሳለሁ» አለው። አብረው ነው ያደጉት። እናቱ በልጅነቱ የሞተችበትን ዊንዲያን ያሳደገችው የሱዳርሳ እናት ናት። ታዲያ ምኑን ይጠርጥር?

እኛ የባሊ ደሴት ሰዎች ዘንድ የመንደር ነገር የሚያልቀው ሁሉም ባንድ አፍ «ይሁን» ሲል ነው። የመንደሩ ማኅበር ሲሰበሰብ ሱዳርሳ ሽርጡን አስተካክሎ ተነሳ። ማንንም ሳይዘልፍ፣ «አባቶቼ፣ በዚህ እንኳን አልስማማም» አለ።

«ከሱ ጋር የሆነ አለ?» አለ ሰብሳቢው።

ዊንዲያ ሲጋራውን እያገላበጠ ያያል። ሲጋራ አይቶ የማያውቅ ይመስል!

ሱዳርሳ ተፈረደበት። ይቅርታ እስኪጠይቅ ማንም እንዳያናግረው፣ ለደስታውም ለሀዘኑም እንዳይደርስለት። ሁሉም «ይሁን» ሲሉ የዊንዲያም ድምፅ አብሮ ተሰማ።

ሱዳርሳ ቻለው። ሰላምታ ሲነፍጉት ቻለ፤ ሚስቱን ገበያ ላይ ጀርባ ሲሰጧትም ቻለ። እናቱ ስትሞት ግን አቃተው። ሬሳ የሚሸከመው ማኅበሩ ነው፤ ግቢው ጭር ብሎ ዋለ።

ከሰዓት ዊንዲያ በጓሮ አጥር ሾልኮ ገባና አስከሬኑ እግር ስር ተደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

«ወንድሜ፣ በልቤ እኮ ካንተ ጋር ነኝ።»

«ልብህ ቃሬዛ ይሸከማል?»

«ልጆች አሉኝ፣ ምን ላድርግ? በናትህ ይቅርታ በላቸውና ይለቅ።»

«ዳርቻውስ?»

«ይሂድ! እሷ አትበልጥም?»

«ይሄን ያኔ አትነግረኝም ነበር?» አለ ሱዳርሳ። ዊንዲያ በመጣበት አጥር ሾልኮ ወጣ።

እናትን ሜዳ ላይ መተው አይቻልም። ሱዳርሳ ሄዶ ሰብሳቢው ፊት እጁን አጣምሮ ቆመ፤ እውነት ስለተናገረ ይቅርታ ጠየቀ።

መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። እንደ ልማዳችን ወደ ሬሳ ማቃጠያው ሊወስዷት ቃሬዛው ሲነሳ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ከፊት የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዊንዲያ! ደግሞ ሁሉም እንዲሰማው ጮኾ፣ «እኔ እያለሁማ እናታችን ተሸካሚ አታጣም!» ይላል።

ሱዳርሳ ከኋላ ተሸክሞ የዚያን ሰውዬ ማጅራት እያየ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሰዉ ለእናቱ መስሎት «አይዞህ» አለው።