ዘጠና ዘጠኝ ላይ የቆመው ጌም

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው፤ ጌም የሚጫወት ሁሉ ግን «እስከጥግ» ሲባል ማን እንደሆነች ያውቃል። በአንድ የጌም ድረ ገጽ ላይ ዓርብ ዓርብ በምትጽፈው ዓምድ አዳዲስ ጌሞችን ትመዝናለች። ታሪኩ ስላለቀ ብቻ ጨረስኩ ብላ የምትነሳ ዓይነት አይደለችም። ያልተከፈተ ሳጥን፣ ያልተወጣ ጣሪያ፣ ያልተሰማ ወሬ ካለ ለእሷ ጌሙ ገና ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር መቶ እስኪል አንዲት ቃል አትጽፍም፤ ይህንንም በዓምዷ አናት ላይ «ያልጨረስኩትን አልመዝንም» ብላ ለአንባቢዎቿ ቃል ገብታበታለች።

«ፉት» የሚሉት ባልደረባዋ የእሷ ተቃራኒ ነው። ማለዳ የጀመረውን ጌም ምሳ ሰዓት ላይ መዝኖ፣ ጽፎ፣ ልኮ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ቸኩሎ የተወለደ ነው እንጂ። ዋና አዘጋጁም ልቡ ወደ እሱ ያዘነብላል፤ ምን ያድርግ፣ አንባቢ ትኩስ ትኩሱን ነው የሚፈልገው።

ጉዱ የፈላው «ከሐይቁ ማዶ» በሚባል ትንሽ ጌም የተነሳ ነው። አንድ ወንድምና እህት ቤታቸው ቁጭ ብለው የሠሩት ጌም ነው። ተጫዋቹ አንዲት እንግዳ ልጅ ሆኖ ሐይቅ ዳር ያለ መንደር ይገባና ለመንደሩ ሰው ሸክም ያመላልሳል፣ አጥር ያጥራል፣ የጠፋ ዶሮ ያፈላልጋል። ለዓይን የልጅ ጨዋታ ነው የሚመስለው። ሆኖም ከወጣ ጀምሮ መቶ ያስገባው ሰው አልተገኘም፤ ሁሉም ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ፉት የሰው ወሬ ሰምቶ «ብልሽት አለበት» ሲል ጻፈ፣ ሌሎቹም ተቀባበሉት። ወንድምና እህቱ ደግሞ ጌሙ ደህና እንደሆነ፣ ራሳቸውም እንደጨረሱት ብቻ ተናግረው ዝም አሉ።

እስከጥግ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ስትቆም ደሟ ፈላ። መንደሩን እንደ ቤቷ ወለል አገላበጠችው። ያላነሳችው ድንጋይ፣ ያላናገረችው ሽማግሌ፣ ያልቆረጠችው አረም አልቀረም። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በዚህ መሃል ዓምዷ ደጋግሞ ባዶውን ወጣና የአዘጋጁ ትዕግሥት ተሟጠጠ። ደውሎም በዚህ ዓርብ ጽሑፍ ካልደረሰው ዓምዱን ለፉት እንደሚሰጠው ነገራት።

«እንደ ሰው ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊና ተገላገይ» አላት።

«መበላሸቱን አላውቅም» አለችው።

«እንግዲያው እስከ ዓርብ እወቂ።»

ስልኩን ዘጋች። ያ ዓምድ ለእሷ የሥራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በዚህ ዓለም ላይ «ይሄ የኔ ነው፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት» የምትለው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ውሸት ጽፋ ብታቆየው የእሷነቱ ያበቃለታል፣ እውነቱን እንዳትጽፍ ደግሞ አላገኘችውም።

ይባስ ብሎ የቀኝ አውራ ጣቷ አበጠ። ሐኪሙ ጅማቱ መቆጣቱን ነግሮ በፋሻ ጠቀለለላትና ጆይስቲክ እንዳትነካ አስጠነቀቃት። ባሏ የከባድ ማሽን መካኒክ ነው፤ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። የጣቷን ነገር በስልክ እንደሰማ ሳያማክራት እንኳ እናቱን ላከባት። አማቷ በማግስቱ የቤት ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ከች አሉ።

አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቴሌፎኒስት ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ማር ነው፤ መስመሩ ተይዟል ሲሉ እንኳ የሚመርቁ ነው የሚመስለው። ሰው ሲጠይቃቸው እሺ ማለት፣ ሰው ሲደክም ልያዝልህ ማለት ልማዳቸው ነው። ከዚህች ምራት ጋር የማይገጥሙትም እዚህ ላይ ነበር። ሳህን ሊያጥቡ ሲነሱ «ይተዉት እማማ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ትላለች። ልብስ ሊያጥፉ ሲቀመጡ እሷ ቀድማ በአንድ እጇ ታጥፋለች። ፀጉርሽን ላበጥርልሽ ቢሏት ሻሽ አሰረች።

ረቡዕ ጠዋት በማርማላታ ጠርሙስ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ጠርሙሱን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ክዳኑን በግራ እጇ ስትታገል አማቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪ፣ ልክፈትልሽ።»

«ደህና ነኝ እማማ።»

ደህናስ አልነበረችም። ክዳኑ ድርቅ አለባት፣ እሷም ድርቅ አለች፣ በመጨረሻም ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መልሳ ዳቦዋን ባዶውን በላች። አማቷ ያንን ደረቅ ዳቦ አይተው የሻይ ስኒያቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቅር ብሏቸዋል። እሷም ቅር እንዳላቸው ገብቷታል። ተንኮል አልነበረባትም እኮ፤ የቤት ታላቅ ሆና ያደገች ናት፤ ሰው ያገዘበት ነገር ግማሹ የሰውየው ይመስላታል። ጌምም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ እርዳታ የሚሰጥ ቁልፍ ካየች እንደ እሳት ትሸሸዋለች።

ያን ቀን በግራ እጇ ልትጫወት ሞከረች። ጀግናዋ ልጅ ጆንያ ተሸክማ ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ከድልድዩ ላይ እየተንሸራተተች ሐይቁ ውስጥ ስትገባ ዋለች፤ አማቷም ከሶፋው ሆነው ያያሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አማራጭ አጣችና ጆይስቲኩን ይዛ አማቷ አጠገብ ተቀመጠች። ልመና እንዳይመስልባት ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም አድርጋ አቀረበችው፦ ማሰቡ የእሷ ነው፣ መወሰኑም የእሷ ነው፣ ከእሳቸው የምትዋሰው ጣት ብቻ ነው፣ ስለዚህ እርዳታ ሊባል አይችልም። አማቷ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መነጽራቸውን አጠለቁ።

መጀመሪያ ላይ ልጅቷ በእሳቸው እጅ ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ፣ ከዶሮ ጋር ስትሽከረከር ቆየች። ከዚያ እየለመዱት መጡ። የስልክ መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ቁልፍ አይፈሩም። እስከጥግ ሐሳቧ በመንደሩ ያለውን ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና አሠርታ የቱ ላይ እንደሳተች ማየት ነበር። ይቀጥሉ ትላለች፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። እህሉን ያንሱ ትላለች፣ ያነሳሉ። በዚህ ዓይነት ልጅቷ ጆንያ ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ተያያዘችው።

ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ከዛፍ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ አለ። ሸክም ይዞ ያለፈን ሰው ሁሉ «ላግዝሽ ልጄ?» ይላል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ እሺ እና እምቢ። ጌሙን እስከ ጥግ ለመጨረስ የሚፈልግ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር ሽማግሌውን እምቢ በል የሚል ነው። ሰውየው ቀርፋፋ ነው፤ ጆንያውን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አድርሶ ይመለሳል፣ እሱ የተሸከመው ደግሞ ላንተ አይቆጠርም። እስከጥግ በዚያ ዛፍ ሥር ስታልፍ ስንቴ እምቢ እንዳለች እሷም አታውቀውም። አሁንም እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። አማቷ ግን ቀድመው ተጫኑ።

«ምን አደረጉ እማማ?»

«ላግዝሽ አለኝ። እሺ አልኩት።»

«እምቢ ነው የሚባለው። ሁሉም ሰው እምቢ ነው የሚለው።»

«ሽማግሌ ቆሞ ላግዝሽ እያለ እንዴት እምቢ ይባላል? ከመጣሁ ጀምሮ ስታልፊው አያለሁ። አሳዘነኝ፣ ልጄ።»

እስከጥግ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ስለ የትኛው ሽማግሌ እንደሚወራ፣ ስለ ስክሪኑ ይሁን ስለ ወጥ ቤቱ፣ ልትጠይቅ አልደፈረችም። ጌሙን ወደ ኋላ መልሳ ስህተቱን ልትሰርዝ ወደ ጆይስቲኩ እጇን ሰደደች፤ ያ የተጠቀለለ ጣቷ ጠዘጠዛትና መልሳ ሰበሰበችው። እያየች መቀመጥ ሆነ ዕጣዋ።

ሽማግሌው ጆንያውን በትከሻው አድርጎ ቀስ እያለ ወጣ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ማስቀመጥ ነበረበት። አላስቀመጠም። በሩን አልፎ ወደ ጓሮ ዞረ። እዚያ ማንም ሰው ሊያልፈው ያልቻለ የእሾህ ቁጥቋጦ አለ፤ እስከጥግ ራሷ በመጥረቢያም በእሳትም ሞክራው ነበር። ሽማግሌው በክርኑ ገፋ አደረገውና መንገድ ተከፈተ።

እስከጥግ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አማቷ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ ሳያነሱ ሽማግሌውን ተከተሉት። ከቁጥቋጦው ጀርባ ከመንደሩ የማይታይ አንድ ትንሽ ቤት ወጣ። ሽማግሌው ጆንያውን ደጃፉ ላይ አውርዶ ወደ ልጅቷ ዞረና ስክሪኑ ላይ ቃሉ ተጻፈ።

«ስትረጂን ከረምሽ። ከኛ ግን አንድም ነገር አልተቀበልሽም፤ ስለዚህ እንግዳ ሆነሽ ቀረሽ። ቤትሽ ይሄ ነው። ግቢ።»

በሩ ተከፈተ። የመንደሩ ሰው በሙሉ፣ አጥር ያጠረችለትም፣ ዶሮዋን የፈለገችላትም፣ በዚያ ጠባብ መንገድ እየተግተለተለ መጣ። ዘፈን ተጀመረ። ጥግ ላይ ያለችው ቁጥርም፣ ያቺ ስንት ሰው ያስለቀሰች ቁጥር፣ ገልበጥ ብላ መቶ ሆነች።

እስከጥግ ጮኸች። በሕይወቷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም፤ ጎረቤት ግድግዳ መታባት። አማቷን በፋሻ እጇም በደህና እጇም አቅፋ አገላብጣ ሳመቻቸው። እሳቸው መነጽራቸው ጆሯቸው ላይ ተንጠልጥሎ «ገባን እኮ፣ ገባን እኮ» ይላሉ።

ሲረጋጉ ነገሩ በራላት። ሽማግሌውን እሺ የሚለው ሰው ለመዝናናት የሚጫወት ነው፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ ሳይጨርስ ጌሙን ትቶ ይሄዳል። ሁሉን ጨርሶ ዘጠና ዘጠኝ የሚደርሰው ደግሞ እንደ እሷ ያለ እልኸኛ ነው፤ እሱ ሞቶ ይገኛታል እንጂ እሺ አይልም። ቤቱ የሚከፈተው ሁሉን ሠርቶ ከዚያ ለሚቀበል ሰው ነው። ብልሽቱ ጌሙ ላይ ሳይሆን ተጫዋቾቹ ላይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ እሷ ላይ።

እስከጥግ ናትና በዚህ አልረካችም። ጌሙን ቀድማ ሴቭ ካደረገችበት ቦታ በአማቷ እጅ አስነሳችው፤ ያው ጆንያ፣ ያው ዳገት፣ ያው እሺ። በሩ ደግሞ ተከፈተ። ከዚያ ልትጽፍ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ በግራ እጇ ፊደል ስትለቅም አማቷ ወንበር ሳቡ። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍ አሏት። «ይተዉ...» ብላ ጀመረችና ቃሉን ከአፏ ላይ መለሰችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጽሑፉ ተላከ።

ዓርብ ጠዋት ድረ ገጹ ተጨናነቀ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንባቢው መቶ፣ መቶ፣ መቶ እያለ የየራሱን ቤት ፎቶ ይልክ ጀመር። ወንድምና እህቱ «አንድ ሰው ገባ» ብለው ጻፉ፤ እህትየው አልቅሳለች ተባለ። ፉትም ሰው ነውና ስህተቱን በግልጽ አረመ፤ ለካስ በመጀመሪያው ጠዋት ሽማግሌውን እሺ ብሎት ነበር፣ ምሳ ደረሰበት እንጂ።

ዋና አዘጋጁ ደወለ። ድምፁ እንደ ሠርገኛ ሞቅ ብሎ ነበር። ዓምዱ የእሷ መሆኑን፣ እንዲህ የተነበበ ጽሑፍ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም፤ ከጽሑፉ ግርጌ «እስከጥግና አማቷ» ይላል፣ ቀልድ ከሆነ ያጥፋው ወይ?

«ቀልድ አይደለም» አለችው። «የእሳቸው እጅ ባይኖር ቁጥሩ አይሞላም ነበር። ስማቸው ካልወጣ ጽሑፉ አልተጨረሰም፣ ያልጨረስኩትን ደግሞ አላወጣም።»

አዘጋጁ ሳቀና ተወው። አማቷ በዚያ ከሰዓት የድሮ ቴሌፎኒስት ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ እየደወሉ ጽሑፉን ከርዕሱ እስከ ግርጌው በዚያ በማር ድምፃቸው አነበቡላቸው። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት እስከጥግ ስትነሳ አማቷ ሶፋው ላይ ተመቻችተው የራሳቸውን መንደር ከአንድ ጀምረው አገኘቻቸው። ዶሮ እያሳደዱ ነው። ወደ ወጥ ቤት ገብታ ዳቦ ቆረጠችና የማርማላታውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደች። ክዳኑን በግራ እጇ ያዝ አደረገችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሳትታገለው ይዛው ወጣችና አማቷ ፊት ዘረጋችው።

«እማማ፣ እምቢ አለኝ። ይክፈቱልኝ።»

አማቷ ዶሮዋን ትተው ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ክዳኑን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ጠመዘዙት፤ ጧ አለ። ጠርሙሱን መለሱላትና ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ እያዞሩ «መቶ» አሉ።