መቶ ሰባ ፓውንድ

«መቶ ሰባ፣ መቶ ሰባ፣ መቶ ሰባ» ብላ አነበበች ሰርካለም። የበረራውን የክብደት ቅጽም በጠረጴዛው ላይ ወደ ባሏ መልሳ ገፋችው። «ሦስታችሁም እኩል ትመዝናላችሁ? መንታ ናችሁ እንዴ?»

ኤሊያስ ወደ ኋላው ሰረቅ አድርጎ አየ። «ቀስ በይ እንጂ፤ ይሰሙሻል።»

«ይስሙኛ!»

እ.ኤ.አ. 2006 ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሰርካለም የምትሠራበት የበረራ ክበብ ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ ወጣ ብሎ አንዲት ትንሽ አየር ማረፊያ ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ዘጠና ስምንት ፋራናይት ይላል። መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ ጋሽ ባሕሩና ባለቤታቸው እትዬ ጌጥነሽ ተቀምጠዋል። እሳቸው በዚያ ሙቀት ክራባት አስረዋል፤ ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል። ጋሽ ባሕሩ ኤሊያስን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። ተራራው ወዲያ ማዶ ሆቴል የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ሲና ወልዳለችና፣ ኤሊያስ በክበቡ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ወስዶ አራሷን ሊያስጠይቃቸው ነው።

ኤሊያስ በሳምንት ስድስት ቀን ዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ታክሲ ይሠራል። የአብራሪነት ፈቃዱን ያገኘው አራት ዓመት ሙሉ ከእንቅልፉም ከምሳውም እየቀነሰ ነው። ያሳደጉት ሰው ሲያበር እንዲያዩት ስንት ጊዜ ሲመኝ እንደኖረ ሰርካለም ታውቃለች፤ እሷም ትኮራበታለች። እቅዱም ቢሆን መጥፎ አልነበረም፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ። ጋሽ ባሕሩ ግን ቁርሳቸውን ሳይበሉ ከቤት አይወጡም። ቁርሱ ሲያልቅ ግሌንዴል ያሉት ወዳጃቸው አቶ ዳኛቸው «ሳታዩኝ ልትሄዱ?» ብለው ደወሉ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ምሳ ቀረበ። ኤሊያስ ሰዓቱን በጎን እያየ፣ ፊት ለፊት ፈገግ እያለ ዋለ። ትንሿ ቦርሳም ለአራሷ ቅቤው፣ በሶው፣ ማሩና የአጃው ዱቄት ሲጨመርባት ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሆነች።

«ሻንጣዎቹን ስንት ብለህ ጻፍክ?»

«ስልሳ።»

«አንዱን ከመኪና ሳወርድ ወገቤ ሊቆረጥ ነበር! ጋሽ ባሕሩስ መቶ ሰባ ናቸው? የእሳቸው ግማሽ ነው መቶ ሰባ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ያሳደገውን ሰው ስንት ኪሎ ነህ ብሎ ይጠይቃል?»

«ፓይለት ይጠይቃል!»

ሰርካለምን እንዲህ ያስቆጣት ፍርሃት ብቻ አይደለም። ከወር በፊት የክበቡ ባለቤት፣ ነገረ ሥራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፉት። ኢንሹራንሱ የጠየቀው ነው፤ የዚሁ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላንና አብረውት ከአንድ ፋብሪካ የወጡት ተመሳሳይ ሞዴሎች የሃያ ዓመት የአደጋ ታሪክ። በየምክንያቱ ለይታ እንድታስቀምጥላቸው ነገሯት። ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስትከምር ሰነበተች። የሞተር ብልሽት ክምሩ ከጣት ውፍረት አያልፍም። ትልቁ ክምር ሌላ ነበር፤ ሙቀት፣ ከፍታ ቦታና ከልክ ያለፈ ጭነት። አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፤ ዴንቨር ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድሮውንም አየሯ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ አልወጣም ይላል። በየወረቀቱ መጨረሻ ላይ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠብቃታል፤ «ምክንያት፦ የአብራሪው ውሳኔ።»

እሷ ግን ነገር መፈልፈል ትወዳለችና ተሳፋሪዎቹ እነማን እንደነበሩ እየፈለገች አነበበች። የአንዱ አማቱ ነበሩ። የሌላው አለቃው። አንዱ ፓስተሩን አሳፍሮ ነበር፣ ሌላው ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳውን። ከአንዱ አደጋ የተረፈች ሴት «እንደበዛን ያውቅ ነበር፤ ግን ማንኛችንን ቅሩ ይበል?» ብላ ቃል ሰጥታለች። ሰርካለም ይሉኝታ የእኛ አገር ሰው በሽታ ብቻ ይመስላት ነበር። ለካ ፈረንጁም እያለቀበት ነው!

ከጠረጴዛው ጀርባ ያለውን የሰው ሚዛን አንስታ ሄደችና ሶፋው ፊት አስቀመጠችው።

«ጋሽ ባሕሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የቤቱ ደንብ ነው። አንድ ጊዜ እዚህች ላይ ቢቆሙልኝ?»

ጋሽ ባሕሩ ሚዛኑን አዩት፤ ቀጥለው እሷን አዩ። «ምነው ልጄ፣ ልትሸጪኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

«ጋሼ ይተዉት! አያስፈልግም፣ እኔ ጽፌዋለሁ» አለ ኤሊያስ እየተጣደፈ። ሚዛኑንም በእግሩ ገፍቶ ጠረጴዛው ሥር ከተተው።

የሰርካለም ደም ፈላ። ክንዱን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችውና በሩን ዘጋች። አስፋልቱ ሙቀቱን ከታች ይተፋል።

«ቁጥሩን እኔ ልንገርህ? ዛሬ በዚህ ሙቀት ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስድስት መቶ ፓውንድ ማለፍ የለበትም። እናንተ ከሰባት መቶ በላይ ናችሁ።»

«ራንዌዩ ረጅም ነው። ቀስ ብዬ ቴክ ኦፍ አደርጋለሁ።»

«ከዚያስ? ተራራው ጎንበስ ይልልሃል?»

ኤሊያስ ጫማውን እያየ ቆመ።

«ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

ከሁሉ ያቃጠላት ይሄ ነው። ባያውቅ ኖሮ ታስረዳው ነበር። ሁሉን ነገር እያወቀ፣ ሁለት ሰው ይዞ፣ ፈገግ እንዳለ ሊሄድ ነው።

«ለልጃችን ለሊዲ ምን ልበላት? ልጄ፣ አባትሽ አጎቱን አፍሮ ሞተ ልበላት?»

«በቃ፣ በቃ። ገባኝ።» ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «እሺ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሞተሩ ተበላሽቷል በያቸው።»

ሰርካለም ተነፈሰች። ቀላል ነገር ነው፤ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይሞትም። እንዴት እስካሁን እንዳልታሰባት ገርሟት ኤሊያስን አስከትላ ተመልሳ ገባች።

«ጋሽ ባሕሩ፣ ሳናስበው ሞተሩ ትንሽ…»

«ተበላሸ?» ጋሽ ባሕሩ ከሶፋው ብድግ አሉ። እጃቸውን በኤሊያስ ትከሻ ላይ አሳርፈው ማጽናናት ጀመሩ። «አይዞህ ልጄ፣ ብረት አይደል፣ ይበላሻል። ለሚመጣው ቅዳሜ ይደርሳል አይደል? እንዲያውም ጥሩ ሆነ፤ ዳኛቸውም አብሬያችሁ ልሂድ ብሎኝ ነበር። አራተኛው ወንበር ባዶውን ለምን ይሄዳል?»

«ይደርሳል ጋሼ» አለ ኤሊያስ። ደግሞም ፈገግ አለ።

«አይደርስም!»

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት፤ አላቆመችም ግን። «ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዋሽቼዎት ነው። ክብደታችሁ በዝቷል፤ በዚህ ሙቀት ይሄ አውሮፕላን እናንተን ይዞ ተራራውን አያልፍም። ኤሊያስ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። እርስዎን አይሆንም ከሚልዎት ይዟችሁ ቢከሰከስ ይቀለዋል።»

የኤሊያስ ፊት አመድ መሰለ። ጋሽ ባሕሩ እጃቸውን ከትከሻው ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

«ተመስገን!» የሚል ድምፅ ከሶፋው መጣ።

ሁሉም ዞሩ። እትዬ ጌጥነሽ ናቸው። «ከትናንት ጀምሮ ይቅር እያልኩ ስጸልይ ነው የዋልኩት» አሉ፣ ቦርሳቸውን እንዳቀፉ። «እዚያች ጢንጥዬ ነገር ውስጥ እንዴት አድርጌ ልገባ!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አሉ ጋሽ ባሕሩ።

«አንተ እንደዚያ ጓጉተህ ምን ብዬ?»

«እኔ? እኔ መች ጓጓሁ! ልጁ ስንት ዓመት ለፍቶ ተምሮ ላብርርዎት ሲለኝ ፈራሁ ልበለው? ቅር ይለዋል ብዬ እንጂ፣ እኔ ከመሬት…» ቃላቸውን ዋጡት።

ሰርካለም ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ ጥርሷን ነከሰች። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳቸውም መሄድ ሳይፈልጉ፣ አንዱ ሌላውን ላለማስቀየም ቀበቶ አስረው ሊሞቱ ነበር። ለአስከሬናቸው የምታለቅሰው ደግሞ እሷ ናት።

«በይ ተይው ልጄ፣ አለፈ» አሉ ጋሽ ባሕሩ፣ ፊቷን አይተው። «በመኪና እንሄዳለን።»

«አዎ፣ በመኪና! አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለ ኤሊያስ። ሁለቱንም ሻንጣ ባንዴ አንስቶ፣ ከክብደታቸው የተነሳ እየተንገዳገደ ወደ በሩ ቸኮለ። ነገሩ በዚሁ ተሸፋፍኖ እንዲቀር መቸኮሉ ነው። ሰርካለም ይህን ፊቱን ታውቀዋለች፤ ቅዳሜ ሌላ እንግዳ ይመጣል፣ ሌላ መቶ ሰባ ይጻፋል።

የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ኪሷ ከተተችው። የተፈረመበትን ቅጽ ለሁለት ቀደደች፣ ባዶ ቅጽ አወጣች፣ እስክርቢቶውን ከላዩ አስቀመጠች።

«ተመለስ። መጀመሪያ ይሄን ሙላ።»

«ካንስል አደረግነው አይደል እንዴ?»

«ካንስል የሆነም ይሞላል። ውሸት ሳይን አድርገህ እኔ ፋይል አላደርግልህም። ደግሞ እኔ አልነግርህም፤ አንተ ራስህ ጠይቃቸው።»

«ሰርኬ፣ እባክሽ…»

«ካልጠየቅካቸው ቁልፉ የለም።»

ኤሊያስ ሻንጣዎቹን አስቀመጠ። መጥቶ እስክርቢቶውን አነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ። የሰማያዊ ሸሚዙ ብብት በላብ ርሷል። ጋሽ ባሕሩን ለማየት ከሚገባው በላይ ጊዜ ፈጀበት።

«ጋሼ» አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና… ስንት ኪሎ ነዎት?»

ጋሽ ባሕሩ ጠረጴዛው ሥር የተገፋውን ሚዛን አዩት። ከዚያ ተመልሰው ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ጎንበስ አሉና የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።