ማዳበሪያ ያልነካው

ይመኙሻል የጆንያውን አፍ ፈትታ እጇን ስትሰድ ያገኘችው ዱቄት አልነበረም። እህል ነው። ሽሮው ሁልጊዜ ተፈጭቶ፣ ቅመሙ ገብቶበት ነበር የሚመጣላት።

"መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆመብን። እዚሁ ታስፈጪዋለሽ ብዬ ነው" አሉ አጎቷ ገብረ ጻድቅ፣ ከአረርቲ ሲመጡ የጠገቡትን አቧራ ከጋቢያቸው ላይ እያራገፉ። "ቅመሙ ለብቻው ተቋጥሯል።"

አፈስ አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን አወጣችው። ባቄላ አለበት፤ ሽምብራም አልፎ አልፎ። የሚበዛው ግን ትንንሽ፣ ማዕዘን ያለው፣ እንደ መጥረቢያ ወደ አንድ ወገን የሾጠጠ ፍሬ ነው። ተቆልቶ ቢጠቁርም ቅርጹ አልጠፋም። አንዱን ፍሬ ለይታ ወደ አጎቷ ዘረጋችው።

"አጎቴ፣ ይሄ ጓያ ነው።"

"ጓያ ነዋ።"

"እስከ ዛሬ ያመጡልኝ ዱቄትስ?"

"ያው ነው እንጂ! ጾሙ ከገባ ወዲህ ያው ነው፤ እኔም ቤት የሚበላው እሱው ነው።"

መዘዙን ያመጣው አንድ ቃል ነው። ወደ አንኮበር ለሽርሽር የሚወጡ የአዲስ አበባ ሰዎች ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ ለመብላት ሲወርዱ "ኦርጋኒክ ነው?" ማለት አመጡ። ይመኙሻልም ከማን አንሳ? በምግብ ቤቷ በር ላይ "ኦርጋኒክ ሽሮ" ብላ አስጻፈች። ቃሉ ለአጎቷ እንደማይገባቸው ስለምታውቅ በስልክ ፈታችላቸው፤ ማዳበሪያም የተባይ መድኃኒትም ያልነካው እህል ይላኩልኝ አለች። ሽማግሌው አወጡ አወረዱና፣ ማዳበሪያ ሳይጠይቅ፣ መድኃኒት ሳይረጭበት፣ ዝናብ ቢቀርም በመሬቱ እርጥበት ብቻ የሚደርሰውን እህል ላኩላት። የታዘዙትን ነው የፈጸሙት።

"ዛሬ ሽምብራው ካልተረጨ ትል ይጨርሰዋል" አሉ አሁን፣ ፊቷን እያዩ ግራ ገብቷቸው። "ንጹሕ የሚሆነው ጓያ ብቻ ነው። ያልነካው ያልሽኝ አንቺው ነሽ።"

"በሰለችን ረሷት?"

በሰለች ታላቅ እህቷ ናት። በችጋሩ ጊዜ ለወራት ጓያ ብቻ ስትበላ ከርማ እግሯ ተሳሰረ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በሁለት ምርኩዝ ነው የምትሄደው።

"እንዴት እረሳታለሁ? እሷን የሰበራት እኮ እንፋሎቱ ነው፤ ድስት ላይ አጎንብሳ እየዋለች። እኔ ደጅ ነው ያስቆላሁት፤ እንፋሎቱን ነፋስ ወስዶታል። አንቺን እጎዳለሁ ብለሽ ነው?"

በሰለችን ሐኪም ቤት ያመላለሰቻት ይመኙሻል ናት። የሚሰብረው እንፋሎቱ ሳይሆን አዘውትሮ መብላቱ እንደሆነ እዚያ ነግረዋታል። ይህንኑ ለአጎቷ ነገረቻቸው። ፈርታለች። መንገደኛው እንኳ አንዴ በልቶ ያልፋል። በየቀኑ የሚበላውስ? ገብረአማኑኤልስ?

ገብረአማኑኤል ከጎኗ ካለው መጋዘን ጆንያ የሚያወርድ ጎረምሳ ነው። የሚያበስልለት ስለሌለ ጾሙ ከገባ ወዲህ ምሳውም ራቱም የእሷ ሽሮ ነው። ሰሞኑን "እትዬ፣ ባቴን እየቆረጠመኝ አላስተኛ አለኝ" ሲላት፣ "ሸክም ነው፤ በጨው ውኃ እሸው" ብላ ስቃበት ነበር።

በጓዳው የሽሮው ድስት እየተንተከተከ ነው። የጾመኛው ሰዓት ደርሶ ቤቱ መሙላት ጀምሯል። ሮጣ ገብታ እሳቱን አጠፋች። አጎቷ ተከትለዋት ገቡ፤ አሁን እሳቸውም ደንግጠዋል።

"ድፊውና ዝም በይ" አሉ በሹክሹክታ። "ይህ ወሬ ከወጣ ማን እግሩን ወደዚህ ያነሣል? ካሁን ወዲያ ካልበሉት ቀስ እያለ ይለቃቸዋል።"

ምክሩ ደግ መሰላት። እውነቷን ለመናገር፣ እንዲህ የሚላት ሰው ስትፈልግ ነበር። ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ወጣችና "ሽሮ አልቋል፤ ምስር ወጥ አለ" አለች።

"ሽሮሽን ብለን መጥተን!" አለ ገብረአማኑኤል ከጥግ ሆኖ እየሳቀ። "ይሁን፣ ምስሩን አምጪው። ለነገ ግን አደራ።"

እጁን ሊታጠብ ተነሣ። የተነሣው ጠረጴዛውን ተደግፎ ነው። ሲራመድ የግራ እግሩ ጣት ወለሉን ጫረ፤ ተረከዙ መሬት አልነካም። ይመኙሻል ይህን አረማመድ ታውቀዋለች። ከበሰለች ጋር አንድ ቤት ስታድግ በየቀኑ አይታዋለች።

"ገብረአማኑኤል፣ ቁም!"

ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያት።

"ሽሮው አላለቀም። ጓያ አለበት። ሳላውቅ... ሳላውቅ ሳበላህ ከረምኩ።"

"ጓያ?" ጎረምሳው ቁልቁል እግሩን አየ። "ያ የሚሰብረው?"

"እሱው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ።"

በሩ አጠገብ የነበሩት ሁለት ሰዎች እየተራገሙ ወጡ። አንዲት ሴት የጠረጴዛዋን ጫፍ ይዛ ቆመች፤ አንዱን እግሯን አነሣች፣ መለሰችው፣ ሌላውን አነሣች። ይመኙሻል የቀሩት ሁሉ እንዲሰሟት ጮክ ብላ ጠየቀች።

"በየቀኑ የሚበላው ሌላ ማነው? አትፈሩ፣ እጃችሁን አንሡ።"

አንድ እጅ ተነሣ። ከዚያ የሴትዮዋ። ሌላም ተጨመረ። በመጨረሻ፣ ጓዳው በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ቀስ ብለው እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ።

"ይምጡ አጎቴ" አለቻቸው ሽርጧን እየፈታች። "እርስዎም አብረውን ይሂዱ።"