ከወላጅ ጋር የተሠራ ጋሪ

ዓብዱልፈታሕ ሮቤ ገበያ ሚስማርና ቀለም ሲሸጥ የኖረ፣ ስሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ ነጋዴ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉት በሽታ ደግሞ መድኃኒት አልተገኘለትም። የሦስተኛ ክፍሏ ልጁ ዙሀይራ «ከወላጅ ጋር በእጅ የሚሠራ» የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዛለት ስትመጣ፣ «እሺ፣ ነገ» አላት። ነገ፣ ነገ ሲል ሳምንት አለፈ።

ልጅቷ ብቻዋን የስንዴ አገዳ አስራ፣ በቆርኪ ጎማ አድርጋ የፈረስ ጋሪ ሠራች። ጋሪው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ፈረሱም ቁርጥ ፍየል። አባት የወላጆች ቀን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አየውና ደነገጠ። ይህን ይዛ ከመምህራንና ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች ልጆች መሀል ልትቆም? ሮጦ አናጢውን ቱፋን ለመነና ቀለም የተቀባ፣ ጎማው የሚሽከረከር ጋሪ አሠራ። ዙሀይራ የአዲሱን ጎማ አንዴ አሽከረከረችና የራሷን ጋሪ አልጋ ሥር ከተተችው። እሱ ደስ ያላት መሰለው። ወይ አባት!

በማግሥቱ መምህር ወንዶሰን ልጆቹን በየተራ ወላጆች ፊት እያቆመ ጠየቀ።

«ዙሀይራ፣ ይህን ማን ሠራው?»

አባቷን አየችው። «እኔና አባ።»

«እውነት?» አለ መምህሩ ፈገግ ብሎ።

«ወላሂ፣ እኔና አባ ነን።»

በአላህ ስም እንዳትዋሽ ያስተማራት ዓብዱልፈታሕ ራሱ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በሐሰት የማለችው እሱን ላለማሳፈር ነው። ወንጀሉ የማን ነው? የእሱ ነው እንጂ የማን ሊሆን! መቀመጥ አቃተው፤ ተነሣ።

«መምህር፣ አፉ ይበሉኝ። እሷም አልሠራችው፣ እኔም አልሠራሁት። አናጢ ነው የሠራው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሱን ቀለል አለው፤ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌም «እውነተኛ ሰው» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ልጆቹ ግን ዘወር ብለው ያዩት እሱን አልነበረም። ከኋላ አንዷ «በወላሂ ዋሸች» ስትል ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

በባጃጅ ሲመለሱ ዙሀይራ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት።

«ታዲያ ለምን ለእነሱ መጀመሪያ ነገርካቸው?» አለች ወደ ውጭ እያየች። «ለኔ እኮ ምንም አላልከኝም።»