የጋሽ መኩሪያ ሽንት ቤት ምረቃ

ጋሽ መኩሪያ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ያለችው መንደራችን ጭቃ ሲውጣት ድንጋይ የሚደለድለው፣ ቦዩ ሲደፈን አካፋ ይዞ የሚወርደው እሱ ነው፤ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው። አንድ ክረምት በቦዩ ላይ ድልድይ ሠራልን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ቀበሌያችን ድልድይ ሠርታለች» አለ፤ እኛም አጨበጨብን። ያን ቀን ጋሽ መኩሪያ ራቱን ሳይበላ ተኛ። ሚስቱ የሺአረግ ናት የነገረችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ስሜን ቢጠሩት ምን ነበረበት?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ አለችኝ።

በጋ ሲገባ ደግሞ ሽንት ቤት ጀመረ። እኛ ያን ጊዜ ገደል ነበር የምንወርደው። ሲመሽ ጅብ ስለሚመጣ ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ ድንጋይ ይዛ ትቆማለች። ስለዚህ ጋሽ መኩሪያ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ጭቃ ሲለጥፍ፣ ቆርቆሮ ሲመታ ያልመረቀው ሰው የለም። በመጨረሻ በሩን ቀይ ቀለም ቀባው። «ገደል ቀረ!» ብዬ እየሮጥኩ ብሄድ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ክፈትልን እንጂ!»

«ሳይመረቅ?» አለኝ፣ ሳልጠመቅ ልቁረብ ያልኩት ይመስል።

«ሆዴ ምረቃ አያውቅም!»

«ታገሺ እህቴ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ ገሰሰ ይመጣል። ሪባን ይቆረጣል። ንግግርም አለ፤ ሊቀመንበሩ ስሜን መጨረሻው ላይ አስገብቶልኛል።»

ንድድ አለኝ። እሱ ግን ቁልፉን አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር አስሮት ይዞራል። በማግስቱ ጠዋት ገደል ብወርድ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ራሱን ጋሽ መኩሪያን! ሱሪውን እየታጠቀ «እንደምን አደርሽ?» አለኝ። ቁልፉ አንገቱ ላይ ነው። ሳቄም መጣ፣ አንጀቴንም በላው።

በምረቃው ቀን ባለሱቁ ሱልጣን ቀይ ሪባን አመጣ፤ መቀሱንም በሳህን ይዞ ቆመ። ጓድ ገሰሰ ዘግይቶ ደረሰ። ጎሮ ሌላ ምረቃ ላይ ውሎ፣ ገበሬዎቹ እርጎ በላይ በላዩ አስጠጥተውት ነበር። ንግግሩን ጀመረ።

«ፊውዳሉ ሥርዓት ሰፊውን ሕዝብ ሜዳ ላይ ሲያስቀምጠው ኖሯል!»

ሰሞኑን ሜዳ ላይ ያስቀመጠን ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። ጓድ ገሰሰም ግራ እጁን አነሣ፤ ቀኙ ግን ሆዱን ያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። አንድ ገጽ ዘለለ፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላም ዘለለ። ኢምፔሪያሊዝም ጋ ሲደርስ ወረቀቱን አጣጠፈና ወደ ቀዩ በር ገሰገሰ።

ጋሽ መኩሪያ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ የፊቱ ወንበር ለእንግዶች ነው ተብሎ። ወረቀቱ ሲታጠፍ ፊቱ ጥቁር አለ። ስሙ ያለው መጨረሻው ላይ ነዋ!

ጓድ ገሰሰ ጓጉንቸሩን ነቀነቀው። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አለ ለሊቀመንበሩ በሹክሹክታ።

«መኩሪያ ጋ።»

«ጓድ መኩሪያ!» ብሎ ጮኸ ጓድ ገሰሰ። «ጓድ መኩሪያ የት ነው? ጓድ መኩሪያ ይምጣ!»

ሹክሹክታውን የሰማነው ፊት የነበርነው ብቻ ነን። የቀረው ሕዝብ ለክብር የተጠራ መስሎት እልልታውን አቀለጠው። ጋሽ መኩሪያ እንባው እየወረደ፣ ግራና ቀኝ እጅ እየነሣ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ መጣ።

«ፍጠን እንጂ ወንድሜ!»

«ኧረ እኔ ምን ሠርቼ ነው ጓድ…»

«ቁልፉን!»

ቁልፉ ከማተቡ ጋር ተቆላልፎ አልፈታ ስላለ ጋሽ መኩሪያ አንገቱን ወደ ጓጉንቸሩ አስጠግቶ ከፈተ። ሱልጣን ሳህኑን ቢዘረጋም ጓድ ገሰሰ ሪባኑን በደረቱ በጥሶ ገባ። ከውስጥ የተሰማውን አልጽፈውም። ሊቀመንበሩ ድምፁን ለመሸፈን ያስጨበጭበን ጀመር።

ጓድ ገሰሰ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ጋሽ መኩሪያን አቀፈው።

«ይኼን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ።»

«የወለደችህ እናት ትባረክ! እግዚአብሔር…» ካለ በኋላ ሊቀመንበሩን አየና «ሰፊው ሕዝብ ያክብርህ!» አለ።

እሱ እንደሄደ ወረፋ ያዝን። አንደኛዋ እኔ ነበርኩ፤ በክርኔ ተጋፍቼ ያገኘሁት ቦታ ነው። ጋሽ መኩሪያ በሩን ከፍቶ ይዞ «ግቢ እህቴ» አለኝ። ገደል ውስጥ ሱሪውን ሲታጠቅ ያየሁት ትዝ አለኝ። ግራ እጄን አነሣሁና «መኩሪያ ይቅደም!» ብዬ ጮህኩ።

መንደሩ ሁሉ እጁን አንሥቶ ተቀበለኝ። «መኩሪያ ይቅደም! መኩሪያ ይቅደም!»

አንገቱን ደፍቶ ገባና ከውስጥ ቀረቀረው። ቆየ። በጣም ቆየ። ሆዴ ይጮሃል፤ ቢሆንም በሩን ላንኳኳበት አልጨከንኩም።