ቆስጣና አስተናግር

አዛውንቱ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ የመረራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አባባ፣ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» መባል። ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው፣ የከተማውን ሰው ግማሹን በድምፁ የሚለዩ ሰው መቀመጥን ከየት ይልመዱት?

እሑድ ረፋድ ላይ ምራታቸው ከጓሮ ቆስጣ ለቅማ ገባች። መምህርት ናት፤ ጓሮ ስትተክል የመጀመሪያዋ ስለሆነ ትኮራበታለች።

«እስቲ እኔ ልበጥስልሽ» አሉ።

«ተዉ አባባ፣ ይረፉ።»

«ልጄ፣ ዓይኔ ነው እንጂ እጄ ጡረታ አልወጣም!»

ሳቀችና ሳህኑን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ሦስት ቅጠል በጠሱ። አራተኛው ላይ እጃቸው ቀጥ አለ። አሹት፣ አሸተቱት፣ ፊታቸው ተጨማደደ።

«ይሄ ቆስጣ አይደለም።»

«አባባ ደግሞ! ከአንድ መደብ እኮ ነው የለቀምኩት።»

«ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ነው እንዴ? ነይ ዳብሺው። ቆስጣ ወፈር ይላል፤ አገዳው ሰፊ ነው፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ይሄ ስስ ነው፤ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ነው። ክርፋቱስ! እናቴ ስታርም መጀመሪያ የምትነቅለው ይሄን ነበር። አስተናግር ነው። የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል፤ ሲብስም ይገድላል።»

ምራት ክው አለች። ሮጣ ጓሮ ወጣች። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ወገቧ ድረስ የሚደርስ ተክል ተገትሯል፤ አበባው ነጭ ጡሩምባ፣ ፍሬው እሾህ በእሾህ። ቡቃያዎቹ ቆስጣው መሀል ተሰግስገዋል።

«ወይኔ! አበባው አምሮኝ ውሃ ሳጠጣው ነው እኮ የከረምኩት!» አለች ተመልሳ።

«ምን ታደርጊ፣ አታላይ ሁሉ መልከ መልካም ነው» ቢሏት በሳቅ ፈረሰች።

የተለቀመውን ሁሉ ደፋችው። ጓንት አጥልቃ ትልቁን ከነሥሩ ነቀለችው። አዛውንቱም ስስ ጓንት አድርገው መደቡ ላይ ተንበረከኩና ቡቃያውን አንድ በአንድ ይዳብሱ ጀመር። «የኛ... የኛ... ሌባ!» ባሉ ቁጥር እሷ ከሥሩ ትነቅላለች።

ባልየው ከገበያ ሲመለስ አባቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል።

«ምን ጉድ ነው? አባባን ጭቃ ውስጥ...»

«ዝም በል፣» አለችው ሚስቱ፣ «እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ ሆስፒታል ነበርን።»

የአዛውንቱ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ እንቁላል በዳቦ እየበሉ የእናታቸውን እርሻ ሲያወሩ ዋሉ። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ወሬውን ሰምታ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፤ በእጇ ሁለት ቅጠል ይዛለች።

«አባባ፣ እባክዎ ይቺንስ ቢያዩልኝ?»