የብረቱ ድካም

ፍሪጁ ደረቱ ላይ እንደተጫነ ብረቱ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ሁልጊዜ የሚያርፉበትን የደረጃ መታጠፊያ አልፈውታል፤ ጋሼ ግን "አሳርፍ!" አላለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለቱ ጫኝና አውራጅ ናቸው። ደረጃ ሲሆን ጋሼ ከላይ ይዞ የኋሊት ይወጣል፣ ብረቱ ከታች ይሸከማል፣ ዕረፍት የሚጠራውም ከላይ ያለው ነው። ጋሼ ዕድሜው ስለገፋ ቶሎ ቶሎ ይጠራል። ብረቱም በሰው ድካም እያረፈ፣ አንድም ቀን ደከመኝ ሳይል፣ "ብረቱ" የሚለውን ስም አተረፈ። "ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ይዤ!" ይል ነበር፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ዛሬ ጠዋት ግን ጋሼ በውሃ የተበጠበጠ ዝልግልግ ነገር ይዞ መጥቶ ብረቱ ፊት ጭልጥ አደረገው። ቤተ ሙከራ የምትሠራው ልጁ ለድካም ይሆንሃል ብላ የሰጠችው ነው።

"ምንድን ነው ጋሼ? ንፍጥ ይመስላል።"

"አፍህን ዝጋ! ከተክል ሥር የሚወጣ ነው። ስኳር በስኳር ላይ እንደ ዶቃ ተሰክቶ… ፖሊሳካራይድ ይሉታል። ያጠጧቸው አይጦች ካልጠጡት ይልቅ ብዙ ዋኙ አለችኝ።"

"በሰውስ?"

"በሰው ገና አልተረጋገጠም። አይጥ ዋኝታ እኔን ደረጃ ያቅተኛል?"

ያኔ ብረቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አሁን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ ከጀርባው ያለው ደረጃ ገደል ሆኖበታል። ሰውዬው እውነት ድካሙ ጠፍቶ ከሆነ ማን ሊያሳርፈው ነው?

"ጋሼ…"

"አቤት!" አለ ጋሼ፣ ቸኮል ብሎ። "ምነው?"

"ኧረ ምንም።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ፍሪጅ ስር ግን ይነቅዛል። ላብ ያራሰው መዳፉ ሸተት አለ፤ ፍሪጁ አንድ ደረጃ ተንሸራቶ ትከሻው ላይ ጓ አለ። ለብረቱ ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ታየችው።

"አሳርፍ! ደከመኝ! ኧረ በእናትህ!" ብሎ ጮኸ ብረቱ።

ነገሩን ሳይጨርስ ፍሪጁ መሬት ነክቷል። ጋሼ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"እግዜር ይስጥህ" አለ። "ከመታጠፊያው ጀምሮ እስክትጠራ ስጠብቅህ ነበር።"

"የምትጠራው አንተ አይደለህ እንዴ!"

"ልጄ ማታ 'አባዬ፣ ለውጥ አለው?' ትለኛለች። ምን ብዬ ላሳፍራት?"

"ልትጨፈልቀኝ ነበር እኮ!"

ጋሼ አሰብ አደረገ። "አይጦቹን ፍሪጅ አላሸከሟቸውም መሰለኝ።"

ብረቱ አልሳቀም። ትከሻውን እያሻሸ፣ "ከእንግዲህ የደከመው ይጥራ" አለ። ተስማሙ። አነሡ። አንድ ደረጃ ወጡ።

"አሳርፍ!"

"አንተ ሰውዬ! ገና አንድ ደረጃ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ" አለ ብረቱ። "ድምፄ መውጣቱን ልየው ብዬ ነው።"